«መሀል ሰፋሪ» ማን ነው?

ከደባርቅ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ጨርሰን ዛሪማ ልንደርስ ስንል ጓደኛዬ «አንዱ አሃዳዊ ይለዋል፣ ሌላው ብሔርተኛ ይለዋል። ሁለቱም ከሰደቡት መሀል ላይ ነው ማለት ነዋ!» አለኝ። የሚያወራው ስለ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ነው። ሁለት ወገን ማስቀየም ግን ብቻውን መሀለኛ አያደርግም። ስመለስ በ2012 ዓ.ም. የወጣውን «መደመር» እንደገና አነበብኩት።

መጽሐፉ አብዮታዊ ዴሞክራሲንም ሊበራሊዝምንም ይተቻል፤ ፉክክርና ትብብር ይመጣጠኑ፣ የትናንቱን መልካም ይዘን ስህተቱን እናርም ይላል። በዚህ ጠብ የለኝም። ጥያቄው ሚዛኑን የሚይዘው ማን ነው የሚለው ነው፤ መልሱ ደግሞ ያለው ከመጽሐፉ ይልቅ ፖሊሲው ውስጥ ነው።

ኢኮኖሚውን እንይ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በሌላ በኩል በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ትልልቅ የመንግሥት ድርጅቶችን በአንድ ጥላ ሥር ሰብስቧል። ጓደኛዬ «ግማሽ ገበያ፣ ግማሽ መንግሥት» ይለዋል። እሺ፣ ይሁን። ግን ዋጋው ሲንር ሸክሙ የደሞዝተኛው ነው፤ ውሳኔው ግን ያው ከላይ ነው።

ፖለቲካውም እንደዚሁ ነው። ብልፅግና የኢሕአዴግን ድርጅቶች ከሕወሓት በቀር አንድ ፓርቲ አደረጋቸው፤ የፌዴሬሽኑ የብሔር አወቃቀር ግን ቀጠለ። ወረቀት ላይ ይሄም አማካይ ይመስላል። አማራ ክልል ግን ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አሥር ወር በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ኖረ።

በተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን «መሀል ሰፋሪ» ማለት አቋም የለሽ፣ ወላዋይ ማለት ነበር። ከዚያ በፊት ግን ቃሉ የማዕከላዊው መንግሥት ጦር ስም ነበር፤ በ1910 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሚኒስትሮችን ከሥልጣን ያስነሳው እሱ ነው። መሀል የተባለው ከሁለት ወገን እኩል ስለራቀ ሳይሆን ለዙፋኑ ስለቀረበ ነው። የዛሬው ፖሊሲ መሀለኛ ነው ከተባለ፣ ለእኔ በዚህኛው ትርጉም ነው። ከግራም ከቀኝም ይወስዳል፤ የወሰደው ሁሉ የሚያጠነክረው ግን ማዕከሉን ነው።

ጓደኛዬ አሁንም አልተስማማም። ግን አንድ ነገር አስታወስኩት፦ ያን ቀን ዛሪማ ሻይ ቤት ገብተን ክርክሩን ስንቀጥል ሁለታችንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር። እኔ ተቺ ስለሆንኩ ይሁን። እሱ ግን ደጋፊ ነበር።