የዱረር ሣር

ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብረሽት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1503 አንድ ቁራጭ ሣር በውሃ ቀለም ሣለ። ሥዕሉ ዛሬ በቪየናው አልበርቲና ሙዚየም ይገኛል፤ ቁመቱ 41 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ሰው የለበትም፣ እንስሳ የለበትም፣ ሰማይም የለበትም። ያለው ከብት የሚግጠው ሣር፣ መንገድ ዳር የሚረገጥ ጎርጠብ፣ አበባው የተከደነ አረም፣ ከሥር ደግሞ ጭቃ ነው።

እኔን የያዘኝ አረንጓዴው ነው። በጥላ ያለው ይጠቁራል፣ ብርሃን የነካው ወደ ቢጫ ያደላል። ሠዓሊው ለማሳመር ሲል አንዲት አበባ እንኳ አላፈካም። እርግጥ እንከን አላጣሁበትም። ከታች አፈሩ ተገፎ ሥሮቹ ይታያሉ፤ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ይህን አያይም፤ መሬቱ ተቆርጦ የመጣ ይመስላል።

ልጅ ቀለም ሲያነሳ «ሐራም ነው!» ብለን የምንነጥቅ ብዙ ነን። ነፍስ ያለውን መሣል ዑለማዎች ብዙ የተናገሩበት ጉዳይ ነው። ሆኖም ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) በሥዕል ለሚተዳደር ሰው ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሥል መምከራቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። ይህን እያወቅሁ እኔም ከአንድ ተማሪዬ ነጥቄያለሁ። ወረቀቱን ኋላ ገልጬ ሳየው የሣለው የጓሯቸውን ጎመን ነበር።