አናቱ ላይ ሰረዝ

ሲዳማ ውስጥ ሐይቅ ዳር ያለችው ቡሹሎ ስሟ በሁለት ዓይነት ጽሕፈት ይጻፋል። በእኛ ፊደል ሲጻፍ መሐል ያለው "ሹ" ከ"ሱ" የሚለየው አናቱ ላይ በተጋደመች አንዲት ሰረዝ ብቻ ነው። የሲዳማ ቋንቋ፣ ሲዳሙ አፎ፣ የሚጻፍበት ላቲን ደግሞ ለዚያው ድምፅ ሁለት ፊደል ጎን ለጎን ያቆማል። አንዱ ያለው ቤት ላይ ፎቅ ይጨምራል፣ ሌላው ጎረቤት ይጠራል። ሁለቱም ያስኬዳል። በእጅ ሥራ ዓይን ሳየው ግን ለሰረዟ አደላለሁ።

ግዕዝ "ሸ"ም "ኘ"ም አልነበሩትም። አማርኛ መጻፍ ሲጀመር ጸሐፍቱ አዲስ ቅርጽ ፍለጋ አልሄዱም፤ ከ26ቱ ፊደላት ሰባቱን መርጠው ጥቂት ቀለም ጨመሩባቸው። የመረጡት በዘፈቀደ አይደለም። "ነ" ስንል ምላስ ከጥርስ ጀርባ ያርፋል፣ "ኘ" ስንል ወደ ላንቃ ሸሸት ይላል። ሰዋስዋችንም ይህንኑ መንገድ ነው የሚሄደው፦ ለመነ ለማኝ፣ ከፈተ ከፋች፣ ወሰደ ወሳጅ። ሰረዟ ያረፈችው ድምፁ ራሱ የሚለወጥበት ቦታ ላይ ነው።

ይህንን ያህል ስለ ሰረዝ ያስወራኝ ስፓኒሽ ነው። እዚያም አናቱ ላይ ሰረዝ ያለው "ን" አለ፤ "ኤኜ" ይሉታል፣ ከፊደላቸው 15ኛው ነው፣ ድምፁም ቁርጥ የእኛ "ኝ"። የመካከለኛው ዘመን ገልባጮች ብራና ለመቆጠብ ከሁለት ተከታታይ "ን" አንዱን ትተው በላዩ ትንሽ መስመር ይስሉ ነበር። ዓመት ለማለት በላቲን ሁለት "ን" የነበረው "አኑስ" እንዲህ "አኞ" ሆነ። ከዚያ ያቺው ሰረዝ ከሌላ አቅጣጫ የመጡትንም ድምፆች ተቀበለች፦ ከ"ሴኒዮር" "ሴኞር" ወጣ፣ ከ"ሊግና" "ሌኛ"፣ ማገዶ። በ1991 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ማኅበረሰብ ኤኜ የሌለው የኮምፒውተር ቁልፍ ሰሌዳ ስፔን ውስጥ እንዳይሸጥ የሚከለክለው ደንብ ይነሳ ብሎ ነበር። ደራሲው ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝ ሳይቀር ተቆጣ፤ በ1993 ስፔን ፊደሏን በሕግ አጸናች። ለአንዲት ሰረዝ መንግሥት ሲንቀሳቀስ ደስ ይላል።

በኤኜ ከተሠሩት ቃላት እኔ የምመርጠው "ሱኤኞ"ን ነው። ላቲን ለእንቅልፍ "ሶምኑስ"፣ ለሕልም "ሶምኒዩም" ይል ነበር፤ ሁለቱ መንገድ ላይ ተፋጭተው አንድ ቃል ሆኑ። ስለዚህ "ሱኤኞ አለኝ" የሚል ስፔናዊ እንቅልፉ መጥቷል፤ "አንድ ሱኤኞ አለኝ" ካለ ግን ሕልም አለው። "ማኛና" ደግሞ ጠዋትም ነው፣ ነገም። እንግዳ ነገር ብለው የሚደነቁበት አሉ፤ "ነጋ" ብሎ "ነገ" የሚል ሕዝብ ግን የሚደነቅበት ምክንያት የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ስለ ስፓኒሽ ቆንጆ ቃላት የሚጽፉ ሰዎች "በሌላ ቋንቋ አቻ የለውም" ማለት ይወዳሉ። "ቶካዮ" አቻ የለውም ይላሉ፤ ሞክሼ ነው። "ሜሪየንዳ"ም መክሰስ ነው። "ማድሩጋር"፣ ጎሕ ሳይቀድ መነሳት፣ "ማለደ" ብለን የጨረስነው ግሥ ነው። የቃሉ ውበት ያለው ብርቅ በመሆኑ ሳይሆን በአሠራሩ ይመስለኛል። "ማድሩጋር"ን ገልበጥ አድርገን ብናየው ሥሩ መብሰልንና መፍጠንን አብሮ የሚይዝ የላቲን ግሥ ነው። ከእሱ የወጣው "ማድሩጋዳ" ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለውን ጊዜ ይዟል፤ የእኛን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት "የማድሩጋዳ ሦስት" ይሉታል።

"ኦሃላ"ስ? ምነው በሆነ ማለት ነው። አረቦች ከ711 ጀምሮ እስከ 1492 በስፔን ምድር ሲኖሩ ከተዉት ቃል፣ አላህ ቢሻ ከሚለው፣ የተወለደ ነው፤ በየቀኑ ለምንሰማው ኢንሻላህ የአጎት ልጅ። ካቶሊኩ ስፔናዊ የአላህን ስም በውስጡ እንደያዘ ሳያስበው ይመኝበታል። አሠራሩም ጥንቁቅ ነው። ከኦሃላ በኋላ የሚመጣው ግሥ እንደተለመደው አይቆምም፤ ነገሩ ገና ምኞት ነውና ቅርጹን ይለውጣል። እኛም "ይመጣል" ያልነውን "ምነው በመጣ" ስንል ግሡን እንቀይረዋለን።

ይህ ቋንቋ አገራችን የገባበት በር ኩባ ነው። ከ1977–78ቱ (እ.ኤ.አ.) የኦጋዴን ጦርነት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ብዙዎቹ አባቶቻቸውን በግንባር ያጡ፣ ቀድሞ የጥዶች ደሴት ትባል ወደነበረችው የወጣቶች ደሴት ሄዱ። ግማሽ ቀን ይማሩ፣ ግማሽ ቀን የብርቱካንና የግሬፕፍሩት እርሻ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ስፓኒሽን የቀሰሙት እንግዲህ ከማድሪድ መጻሕፍት ይልቅ ከኩባ አፍ ነው፤ የኩባ አፍ ደግሞ የራሱ ሙያ አለው።

አንዷን ብቻ ላሳይ። ስፓኒሽ አንድን ነገር ሲያሳንስ ወይም ሲያቆላምጥ "ኢቶ" ይቀጥልበታል፣ እኛ "እናትዬ" ላይ "ዬ"ን እንደምንቀጥለው። "ሞሜንቶ"፣ ቅጽበት፣ ስፔን ውስጥ "ሞሜንቲቶ" ይሆናል። "ት" ወዲያው ተደገመ፤ ምላስ አንዱን ቦታ ሁለቴ መታ። የኩባ ሰው ይህ ድግግሞሽ አይጥመውም። ቃሉ በ"ት" ሲያልቅ ቅጥያውን "ኢኮ" ያደርገውና "ሞሜንቲኮ" ይላል፤ ለሌላው ግን "ኢቶ"ን አይተውም፣ ቤት "ካሲታ" ነው። መጋጠሚያው ላይ ብቻ አንድ ድምፅ ቀየረ። ኮስታሪካውያንም እንዲሁ ስለሚያደርጉ ጎረቤቶቻቸው "ቲኮ" የሚል ስም አውጥተውላቸዋል።