አቦል ብቻ

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ሰው ማስነሳት አላውቅም ነበር። አንድ ሲኒ የጠጣ ደንበኛ ሒሳቡን ሊከፍል ኪሱን ሲዳብስ «ኧረ ቁጭ በል፣ ቶናው ሊደርስ ነው» እለዋለሁ። ይቀመጣል። ቶናው በነፃ፣ በረካው በነፃ። ያለኝ ስድስት ዱካ ነው። ስድስቱ ሰዎች ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያወጉ ሰባተኛው መጥቶ፣ መቀመጫ አጥቶ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ማዶ ካለችው ሴት ዘንድ ይጠጣል። ማታ መሀረቤን ፈትቼ ስቆጥር የከሰሉን እንኳ አልመለስኩም።

ጊዜው 2009 ዓ.ም. ነው። ባለቤቴ አናጺ ነበር። አንድ ሕንፃ ላይ ሲሠራ መወጣጫው ከድቶት ወደቀና ወገቡን ተጎዳ። የቀን ሠራተኛ ካልዋለ አይከፈለውም፤ እሱ ደግሞ ስምንት ወር አልዋለም። ሁለት ልጆች፣ የቤት ኪራይ፣ መድኃኒት። የጣት ቀለበቴን ሸጥኩና 1,900 ብር እጄ ገባ። በዚያ ብር የገዛሁትን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ፤ አንድ ጀበና፣ አንድ ደርዘን ሲኒ፣ ያገለገለ ረከቦት፣ ስድስት ዱካ፣ የከሰል ምድጃ፣ ሁለት ኪሎ ጥሬ ቡና፣ አንድ ማዳበሪያ ከሰል። ሙቀጫና ዘነዘናው የእናቴ ነው። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ቡና ሳፈላ ስለኖርኩ ሳልማር የምገባበት ሥራ መስሎኝ ነበር።

የግቢያችን ትልቅ ሴት፣ እማማ የምንላቸው፣ አንድ ቀን መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። በጉብዝናቸው ጠላ ይሸጡ ነበር። ግማሽ ቀን ዝም ብለው አዩኝና «ልጄ፣ አንቺ ድግስ ላይ ነሽ፤ ሥራ መቼ ነው የምትጀምሪው?» አሉኝ። አፈርኩ። በማግስቱ ለደንበኛ ቶና አልቀዳሁም። ሲኒውን አነሳሁ፣ ሒሳብ ተቀበልኩ፣ ጀበናውን አጥቤ እንደገና አቦል ጣድኩ። ለሰው ቡና ቆርጦ መስጠት፣ አንዱን ሰጥቶ ሁለቱን መከልከል፣ ሰው የሰደብኩ ያህል ነው የከበደኝ። እናቴ ብታየኝ ምን ትላለች እያልኩ። በአዲስ አበባ ሁሉ መንገድ ዳር የሚሸጠው አቦል ብቻ መሆኑን ልብ ያልኩት ያኔ ነው። ስንት ዓመት አልፌበት አላየሁትም።

ሒሳቡን የሠራልኝ ባለቤቴ ነው፤ ተኝቶ፣ በልጁ ደብተር ጀርባ ላይ። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ያኔ በ110 ብር እገዛ ነበር። ሲቆላ ውሃው ይተናል፣ ገለባው ይራገፋል፤ 830 ግራም ያህል ይቀራል። አንድ ጀበና 12 ሲኒ ይቀዳል፤ 100 ግራም ገደማ ይበላል። ስለዚህ ከአንድ ኪሎ ስምንት ጀበና፣ 96 ሲኒ። በአራት ብር ሒሳብ 384 ብር። ከዚህ ላይ ቡናው 110፣ ስኳር 25፣ ከሰል 40፣ ቄጤማ፣ ፈንዲሻና ዕጣን 30፣ ውሃ 5፣ ደጃፋቸው ላይ ላስቀመጡኝ ሰውዬ በቀን 20። የሚተርፈው 154 ብር ነው። ይህም 96ቱ ሲኒ ሁሉ ከተሸጠ፣ ሁሉም ከከፈለ፣ አንድም ሲኒ ካልተሰበረ ነው። እኔ በመጀመሪያው ወር በቀን ከ40 ሲኒ አላለፍኩም። ባለቤቴ እርሳሱን አስቀምጦ ጣሪያውን አየ። ያንን ደብተር አልጣልኩትም፤ ዋጋው ሁሉ ተለውጦ ሒሳቡ ግን እስካሁን በዚያው መንገድ ነው የሚሠራው።

ዝርዝሩን ሳየው ሳንቲም ለማትረፍ የመጣልኝ የመጀመሪያ ሐሳብ የሁሉም ሐሳብ ነው፤ ቡናውን ማጥቆር። ከሰል እስኪመስል የተቆላ ቡና ትንሹ ብዙ ውሃ ያጠቁራል ይባላል፤ እውነትም ያጠቁራል። ሆኖም ምጣዱ ላይ በቆየ ቁጥር ክብደቱን ይጥላል፣ ከኪሎው 800 ግራም እንኳ አይገኝም። ቀለም አተረፍኩ ሲሉ ቡና ያጣሉ። ሌላው መንገድ ገብስ ወይም ሽምብራ አብሮ መቁላት ነው። ይህን የሚያደርግ አለ፤ አንድ ሰሞን ይሸጣል፣ ከዚያ ሰው ምክንያቱን ሳያውቀው ይቀርበታል። ምላስ አይናገርም እንጂ ያውቃል።

ስለ አቆላል ትንሽ ልበል፤ የዚህ ሥራ ግማሹ እዚያ ነውና። ጥሬ ቡና ስገዛ ሾላ ገበያ ጆንያው ውስጥ እጄን እስከ ክንዴ አስገብቼ ከታች ነው የማወጣው፤ ላይ ላዩን ያለው ለዓይን ነው። አሸተዋለሁ፤ ሻጋታ የሸተተ ቡና ምንም ቢታጠብ አይድንም። አንዱን ፍሬ በጥርሴ እነክሳለሁ፤ ጥርስ ከገባበት እርጥብ ነው፣ ለውሃ ነው የምከፍለው። ድሮ ለውጭ ገበያ የሚመጥነው ቡና እዚህ እንዳይሸጥ የተከለከለ ስለነበረ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ከዚያ የተመለሰው ነበር፤ የተሰበረ፣ የጠቆረ፣ ነቀዝ የበላው ይበዛበታል። ቡና አብቃይ አገር ተወልጄ የተመላሽ ለቃሚ መሆኔ አንዳንዴ ያስቀኛል። ስለዚህ መልቀም የግድ ነው። በሰፌድ ሆኖ፣ ፀሐይ እያለ። አንድ የሻገተ ፍሬ አሥራ ሁለት ሲኒ ያበላሻል።

ከዚያ እጠባ ነው፤ ሦስት ውሃ፣ በመዳፍ እያሹ። ምጣዱ ሲግል ይገባል፣ እጅ ግን አያርፍም። አረንጓዴው ወደ ቢጫ፣ ቢጫው ወደ ዳማ ይሄዳል፤ ጠሽ ጠሽ ማለት ሲጀምር ጆሮዬን እሰጠዋለሁ። ድምፁ ሳስቶ ፍሬው ላይ ወዝ ብልጭ ሲል አወጣዋለሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ደቂቃ መቆየት የሚሸጥ ቡናን ወደሚጣል ይለውጠዋል፤ ምጣዱም ከወረደ በኋላ ራሱ ይቆላልና ወዲያው ሰፌድ ላይ መገልበጥ አለበት። የወለጋና የጅማን እቀላቅላለሁ፤ ወፍራም ይሆናል። ትንሽ ሲዳማ ጣል አደርግበታለሁ፣ ለሽታው። ሐረር ሳገኝ ለብቻው ነው የማፈላው፣ ከሌላ ጋር ማጋባት ግፍ ይመስለኛል።

መውቀጥ ላይ የብዙ ጀማሪ ስህተት ማላም ነው። ዱቄት የሆነ ቡና ጀበና ውስጥ አይሰክንም፤ ሲኒው ግርጌ ጭቃ ይሆናል። አንድ የኬሚስትሪ መምህር ደንበኛዬ ነበር፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ጅቡቲ ብታፈይ 100 ይደርስብሻል አለኝ። ለዚህ ነው ጀበናችን ቶሎ ገንፍሎ ቡናው ገና ጥሬ ጥሬ የሚለው። እኔ ከዚያ ወዲህ አንዴ ሲገነፍል አላወጣውም። አነሳዋለሁ፣ መልሼ እጥደዋለሁ፣ ሁለት ሦስቴ። ከዚያ ማቶቱ ላይ ዘንበል ብሎ ይረፍ። ሰው ቸኩሎ «እህቴ፣ ቅጂልኝ እንጂ!» ይላል፤ ይበል። ያልሰከነ ቡና ቀድቼ ደንበኛ ከማጣ ሳልቀዳ ባጣው ይሻለኛል።

በነገራችን ላይ አዲስ ጀበና ሳይሟሽ ሥራ ላይ አይውልም። የቡና አተላ ሞልቼ ሁለት ቀን አፈላበታለሁ፤ ያለበለዚያ የመጀመሪያዎቹ ሃያ ደንበኞች አፈር ነው የሚጠጡት።

ለሁለት ወር ሽያጬ ያላደገው ሰው ስለጠፋ ይመስለኝ ነበር። ሰው ነበረ። የጠፋው ጀበና ነው። አንዱን ጀበና ቀድቼ፣ አጥቤ፣ ጥጄ፣ አስክኜ እስክቀዳ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ቢሮ የሚሮጥ ሰው ያን ያህል አይጠብቅም። እቁብ የገባሁት ለዚህ ነው። አሥራ አምስት ሴቶች፣ በሳምንት 200 ብር፤ ዕጣው በዘጠነኛው ሳምንት ደረሰኝ። 3,000 ብር። ሁለት ጀበና ጨመርኩ፣ ሸራ ወጠርኩ፣ አንድ አግዳሚ አሠራሁ። አንዱ ሲቀዳ አንዱ ይሰክናል፣ ሦስተኛው ይፈላል። ሽያጬ በሁለት ሳምንት ውስጥ በቀን ከመቶ ሲኒ አለፈ። ለብድር ሦስት መሥሪያ ቤት ተመላልሼ ነበር፤ የሚጠይቁት ወረቀት ያለው ሰው ብድር አያስፈልገውም ብዬ ተውኩት።

ዱቤው ሌላ ትምህርት ነው። ብዙ ሱቅ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» ብሎ ይለጥፋል። አልወደውም፤ ሰውን ገና ሳይጠይቅ መመለስ ይመስለኛል። እኔ የማበድረው እስከ ቅዳሜ ነው፣ ለቀን ሠራተኛ። ቅዳሜ ይከፈላቸዋል፣ ቅዳሜ ይከፍሉኛል። በስምንት ዓመት ውስጥ ከመካከላቸው የጠፋብኝ ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ አገር ቤት ሄዶ ነው፣ በዓመቱ መጥቶ ከፈለ። የጠፉብኝ ከረባት ያሰሩት ናቸው። ባለቤቴ ከመጎዳቱ በፊት እሱም እንዲህ ቅዳሜን ይጠብቅ ስለነበር አላዳላሁም አልልም።

የቀን መቁጠሪያውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ጿሚው ስለማይመጣ አንድ ጀበና እቀንሳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ግን ከሌላው ቀን ይበልጣል። ዐቢይ ጾም ሁለት ወር ገደማ የጠዋቱን ያጠፋዋል። በረመዳን ደግሞ ሰፈሬ ውስጥ ያሉት ደንበኞቼ የሚመጡት ማታ ነው፣ ስለዚህ ሸራውን ዘግይቼ ነው የማጥፈው። ክረምት ሰው ቡና ይሻል፣ መቀመጫው ግን ይረጥባል።

መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለና ከደጃፉ ተነሳን። አሁን ያለሁት አርከበ ሱቅ ከሚባሉት ትናንሽ ሱቆች ብዙም በማይበልጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ሁለት ልጆች ቀጥሬአለሁ፣ ወለሉ ላይ ያለው የፕላስቲክ ሣር ነው። እርጥቡን ቄጤማ በየቀኑ መግዛት አልቻልኩም፤ ፕላስቲኩን ያነጠፍኩ ቀን አንድ ነገር የሞተ ያህል ተሰምቶኝ ነበር፣ አሁን ለመድኩት። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ መወሰን ከጀመረ ወዲህ የቡናው ዋጋ ጨምሯል። ብዙዎች ዋጋ መጨመር ፈርተው ሲኒውን አሳነሱት። እኔ ሳምንት ቀደም ብዬ ለእያንዳንዱ ደንበኛ በአፌ ነገርኩት፤ «ወንድሜ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሦስት ብር ጨምሬአለሁ፣ ሲኒው ግን ያው ነው»። አጉረመረሙ፣ ከዚያ ጠጡ። አንድ ጎረቤቴ ማኪያቶ ማሽን ግዢ ይለኛል። ለማሽኑ መብራት፣ ለመብራቱ ጄኔሬተር፣ ለጄኔሬተሩ ቤንዚን። ጀበናዬ ከሰል ብቻ ነው የሚፈልገው።

አንድ ነገር ግን አልተውኩም። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የመጨረሻውን ጀበና አጥቤ አልጥደውም። በዚያው ላይ ውሃ እጨምርና ቶና፣ ከዚያ በረካ አወጣለታለሁ። ለዚህ ቡና ዋጋ የለውም፤ ለመኪና ጠባቂው ልጅ፣ ለማዶው ዘበኛ፣ ለሠራተኞቼ፣ ለእማማ። ባለቤቴ በምርኩዝ እየመጣ ይቀመጣል። ቡናው ቀጥኗል፣ ስኳር ይበዛበታል፣ ማንም አይቸኩልም። ባለቤቴ ሒሳቡን ሲሠራ ይህን በደብተሩ ላይ አልጻፈውም፤ እኔም አላስጻፍኩትም።

ዛሬ በረካው ለአምስት ሰው ደርሷል።