ላይን፣ መስመር፣ ገበር

በስፌት ሼድ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ከሰው አፍ የማይጠፋ አንድ ቃል አለ፤ ላይን። «ላይን 4 ቆሟል»፣ «ላይኑ ጠሟል፣ ይፈታ»፣ «ላይኑን ጠብቀህ አንጥፍ»፣ «ኤንድላይን መለሰው»። የመጀመሪያው ስለ ሰዎችና ማሽኖች ነው። ሁለተኛው ስለ ስፌቱ ነው። ሦስተኛው ቆራጮች ስለ ጨርቅ ድር የሚናገሩት ነው። አራተኛው ደግሞ መጨረሻ ላይ ቆማ ያለቀውን ልብስ የምትመረምረውን ልጅ ይመለከታል።

መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2009 ላይ 15 ሼዶች ይዞ ሲመረቅ ስፌት አውቅ ነበር፤ እንግሊዝኛም እችላለሁ ብዬ አምን ነበር። የማሠለጥናቸው ልጃገረዶች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የስፌት መኪና ነክተው አያውቁም። ትእዛዙ በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ እኔ ወደ ትግርኛ እመልሰዋለሁ፤ እነሱ ይሰፉታል። ላይን በትግርኛም በአማርኛም መስመር ነው ብዬ አንዴ ወስኜ ነበርና ቃሉ በመጣ ቁጥር ሳላስብ እንደዚያው እመልሰው ነበር።

አንድ ቀን የሴቶች ጃኬት ትእዛዝ ደረሰን። ቴክ ፓኩ፣ ማለትም ገዢው ልብሱ እንዴት እንደሚሰፋ የሚያዝበት ወረቀት፣ ኪሱ ላይን ይደረግ ይላል። ከኪሱ አፍ ዝቅ ብላችሁ መስመር ስፉበት አልኳቸው። ኪስ ላይ የተመደበችው ልጅ ኪሱን ገለበጠችና «ኣያ፣ በየት በኩል? ውስጡ ባዶ ነው እኮ» አለችኝ። ሰዓት ሄዶብኝ ነበር። «ከአፉ ዝቅ ብለሽ ነው ጓለይ፤ ስፊው» ብያት አለፍኩ። ከሰዓት በኋላ የጥራት ተቆጣጣሪው መጥቶ ኪሱን ከፍቶ አየ። ወረቀቱ የጠየቀው ገበር ነበር።

የግማሽ ቀን ሥራ ተፈታ፤ የፈቱትም የሰፉት ልጆች ናቸው። ያቺ ልጅ እንግሊዝኛውን አታውቅም፤ ኪሱን ግን አውቃዋለች። ገበር የሌለው የጃኬት ኪስ እጅ ሲገባበት እንደሚጎረብጥ ጣቷ ነግሯት ነበር። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ቃሉን መሳቴ ሳይሆን ጥያቄዋን ማለፌ ነው።

ከዚያ በኋላ ቃሉን እግር በእግር ተከታተልኩት። የላይን ሥር ሊኑም የሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ሊኑም ማለት ተልባ ነው። እኛ ተልባን የምናመርተው ለፍሬው ነው፤ ቆልተን፣ ወቅጠን በጾም እንበላዋለን። አውሮፓውያን ግን ግንዱን ዘፍዝፈው ቃጫውን ይፈትሉ ነበር፤ ሊነን የሚባለው ጨርቅ ከእሱ የሚሠራ ነው። የተፈተለው ክር ተወጥሮ ሲያዝ ቀጥታውን ያሳያል። መቐለ ውስጥ በድንጋይ የሚገነባ ግንበኛ ዛሬም ሲባጎ ወጥሮ ነው ግድግዳውን የሚያስተካክለው። ላይን ሲጀመር እንዲህ ያለ የተወጠረ ክር ነበር። ገበርም ከዚሁ ተክል የመጣ ነው፤ የጥንት ሰፊዎች የልብስን ውስጥ በተልባ ጨርቅ ይደግፉ ስለነበር ገበር ማግባት ላይን ተባለ። እኔን ያሳሳቱኝ ሁለት ትርጉሞች ከአንድ ማሳ የበቀሉ ናቸው።

የእኛው መስመር ሌላ የእጅ ሥራ ያስታውሰኛል። ብራና በወስፌ ሳይሰመር ጸሐፊ ብዕር አያሳርፍበትም። መስመር በእኛ አእምሮ የሚሰመር ነገር ነው፤ ጭረት ነው። ጭረት ባለበት ይተኛል። ክር ግን ይሳባል፣ ይላላል፣ ይበጠሳል። ማሽኖቹ በተርታ የቆሙበት ለምን ላይን እንደሚባል የገባኝ ይህን ሳስብ ነው።

ሠልጣኝ ላይን ሲባል የማሽን ረድፍ ይመስለዋል። ረድፍ ግን ትምህርት ቤትም አለ፤ እዚያ አንዱ ተማሪ ቢዘገይ ሌላው አይቆምም። በስፌት ላይን ግን እያንዳንዷ ኦፕሬተር የሰፋችውን በንድል፣ ማለትም የቁራጮች እስር፣ ለቀጣይዋ ታስረክባለች። ዕቅዱ በሰዓት 60 ሸሚዝ ነው እንበል። እያንዳንዱ ሥራ በ1 ደቂቃ ማለቅ አለበት። ኮሌታ መግጠም 90 ሰከንድ ከፈጀ ግን ሌሎቹ ምንም ያህል ቢፈጥኑ ከዚያ ላይን በሰዓት ከ40 ሸሚዝ በላይ አይወጣም። ከኮሌታዋ ልጅ ፊት በንድል ይቆለላል፤ ከእሷ በኋላ ያሉት እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። ሱፐርቫይዘር መጥቶ በዚያች ልጅ ላይ ሲጮህ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ይህ በደል ነው። 90 ሰከንዱ የሥራው እንጂ የእሷ አይደለም። ሁለተኛ ማሽን ከጎኗ ሲጨመር ኮሌታ በሰዓት 80 ይደርሳል፤ ያኔ ማነቆው ሌላ ቦታ ይዛወርና እሱን ፍለጋ ይገባል። ባላንሲንግ የሚባለው ሥራ ይኸው ነው፤ የሱፐርቫይዘር ሙያ የሚለካውም በእሱ ነው።

ይህን በሰሌዳ ሳስረዳ አልገባቸው ሲል አምስት ልጆች አቁሜ አንድ ረጅም ክር አስያዝኳቸው። መካከለኛዋን ያዥው፣ ሌሎቻችሁ ሳቡ አልኳቸው። ክሩ ተበጠሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ማነቆ ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

በቆራጮቹ ላይን ግን ቋንቋችን ይረዳናል። በፓተርን፣ ማለትም ጨርቁ በሚቆረጥበት ቅርጽ፣ ላይ የተሰመረው ቀስት ከጨርቁ ጠርዝ ጋር ትይዩ ሆኖ ድሩን ተከትሎ መተኛት አለበት። ከዚያ ዘንበል ካለ ሱሪው ሲታጠብ እግሩ ይጠመዘዛል። እንግሊዝኛው ለዚህም ላይን ይላል፤ እኛ ድርና ማግ የሚሉ ሁለት ጥርት ያሉ ቃላት አሉን። የሸማኔ ልጅ ስታጋጥመኝ ይህን ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ጥቅምት 2013 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ማሽኖቹ ቆሙ። ያኔ መስመር ስንል የስልክ መስመር ማለታችን ሆነ፤ እሱም ተቋርጦ ነበር። ሰልፍም አወቅን፤ የባንክ፣ የዱቄት። ሰልፍንም እንግሊዝኛ ላይን ይለዋል። በመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ ግን ሰልፍ ውጊያ ነው፤ ዱቄት ለመቀበል ስቆም ይህ ትዝ ይለኝ ነበር። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ኢትዮጵያ ከአጎዋ ስትሰረዝ ልብሳችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት ዕድል ተዘጋ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ጦርነቱን ለማቆም የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ። በስፌት ላይን ላይ ክር ሲበጠስ ጫፍና ጫፉ ተፈልጎ ይቋጠራል። የተበተኑ ኦፕሬተሮችን መሰብሰብ ግን እንደዚያ አይደለም። የዓመታት ልምድ ከነበራቸው እጆች የት እንዳሉ የማላውቃቸው ብዙ ናቸው።

ስፌት ለምታስተምሩ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ፤ በመቐለም፣ በኮምቦልቻም፣ በሐዋሳም ላላችሁ። የመጀመሪያውን ሰዓት ለማሽኑ አትስጡት፤ ለቃሉ ስጡት። እኔ በኋላ በካርቶን ላይ አራት ቁራጭ ጨርቅ ሰፍቼ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ነበር፤ ቀጥ ያለ ስፌት፣ ድሩ በጠመኔ የተመለከተ ጨርቅ፣ ኔክላይን የሚባለው የአንገት ዙሪያ፣ ገበር የገባበት ኪስ። ከእያንዳንዱ ሥር ቃሉን በእንግሊዝኛ፣ በትግርኛና በአማርኛ ጻፍኩበት። ካርቶን የትም አይጠፋም፤ ጨርቁም ከቁርጥራጭ ሳጥን ይገኛል። ሠልጣኟ ኪሱን ገልብጣ «በየት በኩል?» ስትላችሁ ወረቀቱን እንደገና አንብቡት።