ሳይቀባ የቆመ አረም፦ የሞሃቪ በረሃ የቅንብር ጥበብ

በደቡብ ካሊፎርኒያ፣ በሞሃቪ በረሃ፣ ትዌንቲናይን ፓልምስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ኖቬምበር በገባ ቁጥር ነዋሪዎቿ በአረም ይወዳደራሉ። ከጓሮና ከአካባቢው መሬት የለቀሙትን ደረቅ ቅርንጫፍ፣ የፍሬ ቅርፊትና የእንጨት ስባሪ አቀናብረው፣ በ1927 ተሠርቶ ዛሬ ሙዚየም በሆነው አሮጌ ትምህርት ቤት ይደረድሩታል፤ ዳኞችም ለአሸናፊዎቹ ሪባን ይሰጣሉ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሥነ ጥበብ ሐያስያን እንዲህ ያለውን የመንደር ጊዜ ማሳለፊያ ብለው ያልፉታል። በእርግጥም ጨዋታ አያጣውም። ይሁንና የራሱ የውበት ሕግ ያለው ጥበብ ነው፤ ሕጉም የተክሉን ድርቀት አለመሸፈን ነው።

ትርኢቱ የተጀመረው በ1940 ነው። ከተማዋን ካቀኑት ብዙዎቹ የአንደኛው ዓለም ጦርነት ዘማቾች ነበሩ፤ በመርዝ ጋዝ ሳንባቸው ስለተጎዳ፣ የፓሳዲናው ሐኪም ጄምስ ላኪ ደረቁ አየር ይሻላችኋል ብሎ የላካቸው። ዝናቡ በዓመት 100 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነበት አገር አበባ ተክሎ ማሳየት የማይታሰብ ነው። አበባ ከሌለ በአረም ይሁን የሚለው ሐሳብ የመጣው ከሠዓሊዋ ሚልድሬድ ብራያንት ብሩክስ ነው።

የብሩክስ ሙያ እዚህ ላይ ትልቅ ትርጉም አለው። እሷ የሕትመት ሠዓሊ ነበረች፤ የብረታ ብረት ዝርግ በመርፌ እየጫረች ዛፎችን በጥቁርና በነጭ ታትም ነበር። በዚህ የሥዕል ዘርፍ ቀለም ስህተትን አይሸፍንም፤ ሥራው የሚቆመውም የሚወድቀውም በመስመር ነው። የደረቀ አረምም እንደዚሁ ነው። ቅጠሉና ቀለሙ ሲሄድ መስመሩ ብቻ ይቀራል።

አንድ ተክል በቅርበት እንመልከት። በአሸዋማው የሞሃቪ ምድር ነጭ አበባ የሚያወጣ፣ ሰዎች «የወፍ ቀፎ» የሚሉት ተክል አለ። በሕይወት ሳለ ግንዶቹ ከመሃል ወደ ዳር መሬት ለመሬት ይዘረጋሉ። ሲደርቅ ግን አንድ በአንድ ወደ ላይ ይታጠፉና ጫፋቸው ይገናኛል፤ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ክዳኑ እንደተገጠመ አገልግል ያለ ቅርጽ ይወጣዋል። ቅርጹን የሠራው ሞት ራሱ ነው፤ አቀናባሪዋ የምትመርጠው የሚቆምበትን ቦታና አጠገቡ የሚተወውን ባዶ ቦታ ነው። ከጎኑ የዛገ ቆርቆሮ ወይም ሐምራዊ ጠርሙስ ሊቀመጥ ይችላል። ጠርሙሱም ሐምራዊ ሆኖ አልተሠራም፤ በድሮ መስታወት ውስጥ ይጨመር የነበረው ማንጋኒዝ ለዓመታት ፀሐይ ሲመታው የሚያመጣው ቀለም ነው። ተክሉንም ጠርሙሱንም የለወጠው በረሃው ነው፤ ቅንብሩ አንድ ወጥ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ከብሩክስ በፊት የበረሃን ተክል ለትርኢት ያበቃች ሴት ነበረች፤ የፓሳዲናዋ ሚኔርቫ ሆይት። የሎስ አንጀለስ ሰዎች ግቢያቸውን ለማሳመር ቁልቋሉን ከሥሩ እየነቀሉ መውሰዳቸው ያንገበግባት ነበር። በ1928 ኒው ዮርክ ላይ በረሃውን ከነአሸዋው አሳየች፤ ቦስተንና ለንደንም ተከተሉ። ልፋቷ ፍሬ አፍርቶ በ1936 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጆሹዋ ትሪ የሚባለውን የበረሃ ክፍል ጥብቅ ስፍራ አድርገው አወጁ። ምጸቱ ግን አይቀርም፤ በረሃው አይነቀል ለማለት እሷም ከበረሃው መውሰድ ነበረባት። ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ በሆነው በዚህ ክልል ደረቅ ቅርንጫፍ እንኳ ማንሳት ክልክል ስለሆነ፣ የአረም ትርኢቱ ተወዳዳሪ የሚለቅመው ከራሱ ጓሮ ወይም ባለቤቱ ከፈቀደለት መሬት ነው።

ለማነጻጸር የአሪዞናዋን ቻንድለር እንውሰድ። ከ1957 ጀምሮ ከተማዋ ነፋስ ከሚያንከባልለው እሾሃማ አረም የገና ዛፍ ትሠራለች። ወደ 1,000 የሚጠጋ አረም በሽቦ ላይ ይደረደራል፤ ነጭ ቀለም ይቀባል፣ እሳት መከላከያ ይረጫል፣ ወደ 30 ኪሎ ግራም ብልጭልጭ ይነሰነስበታል። አረሙ ራሱ በረሃ በቀል አይደለም፤ በ1870ዎቹ ከሩሲያ በመጣ የተልባ ዘር ውስጥ ተደባልቆ ደቡብ ዳኮታ የገባ ነው። (እኛም ከአሜሪካ አህጉር የመጣውንና የአፋርን ግጦሽ የወረረውን ፕሮሶፒስ እናውቀዋለን።) መጤውን ተባይ የበዓል ድምቀት ማድረግ ብልሃት ነው፤ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ግን ከሥሩ ያለው አረም ይሁን ጥጥ የሚለይ ዓይን የለም።

የቻንድለሩ ዛፍ ሕዝብ ያስደስታል፤ ሊቀጥልም ይገባዋል። ለሂስ የሚበቃው ግን የትዌንቲናይን ፓልምሱ ጠረጴዛ ነው፤ በዚያ ላይ አንድ ግንድ ቦታውን ቢስት የሚሸፍንለት ቀለም የለም።