ዋልያስን ማን በተነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚወጣው አስፋልት ጣርማ በር ከመድረሱ በፊት የሚያቋርጣት ደብረ ብርሃን የኃይሉ መርጊያ የትውልድ ከተማ ናት። አኮርዲዮንን ያለ አስተማሪ የለመደው ይህ ልጅ፣ አድጎ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ሆነ።

ዋልያሶች በደርግ ዘመን፣ ሰዓት እላፊው ሳይበግራቸው፣ ሒልተን ሆቴልን ያደምቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጡት «ቼ በለው» አልበም ደግሞ ድፍረት ነው፤ ድምፃዊ በነገሠበት ገበያ መሣሪያውን ፊት አስቀደሙ። ሙላቱ አስታጥቄም አብሯቸው ተጫውቷል።

እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካን ዞሩ። ከጉዞው በኋላ ገሚሱ እዚያው ቀረ፤ ገሚሱ ተመለሰ። ባንዱን የከፈለው ጠብ አልነበረም፤ የአገሩ ሁኔታ እንጂ።

እዚያው የቀረው ኃይሉ ዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ደለስ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር፤ አድማጭ ኖረም አልኖረም። የሚደነቀውም ይሄ ነው፤ ዝናው ሲመለስማ ማንም ይጫወታል! ያለዚያ ልምምድ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ካሴት በ2013 ዳግም ሲታተም መድረክ የሚወጣ ሰው ባልተገኘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘውን አልበም አወጣ። አሜሪካ ከቀሩት የባንዱ ሰዎች አንዱ ግርማ በየነም እ.ኤ.አ. በ2017፣ ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር፣ አዲስ አልበም ይዞ ብቅ ብሏል።