የጄኔቫ ድንጋይና የእኛ ሲሚንቶ

ባለፈው ክረምት ለሥራ ጉዳይ ጄኔቫ ሰንብቼ ነበር። የዚህች ከተማ ስም ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ እ.ኤ.አ. ወደ 1936ና ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ንግግር ይሄዳል፤ የእኔም ሄዷል። ልቤን ይዞ የቀረው ግን በአሮጌው ከተማ ኮረብታ ላይ ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ካቴድራል ነው።

እውነቱን ለመናገር ከፊት ሲያዩት ግራ ያጋባል። በ12ኛው መቶ ዘመን ለተጀመረ ቤተ ክርስቲያን በ18ኛው መቶ ዘመን የግሪክ ቤተ ጣዖት የሚመስል ባለ ዓምድ ፊት ተሠርቶለታል። ፊቱና ጀርባው የማይነጋገሩ ጎረቤቶች ይመስላሉ። ውስጡም ባዶ ነው፤ ከተማዋ በ1536 የፕሮቴስታንትን እምነት ስትቀበል ሥዕልና ሐውልቱ ተጠርጓል። ትልቁ ነገር ያለው ከወለሉ በታች ነው። ከ4ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በላይ በላዩ የተሠሩት አብያተ ክርስቲያናት መሠረት፣ የጥንቱ ማጥመቂያ ጭምር፣ ተቆፍሮ ወጥቶ ጎብኚ በመካከሉ ይመላለሳል።

ከዚያ በባቡር ወደ ዙሪክ ሄድኩ። ዝዊንግሊ የሰበከበት ግሮስሙንስተር በ1524 ሥዕሎቹ ወርደውበታል። በ2009 ግን ጀርመናዊው ሠዓሊ ዚግማር ፖልከ በስሱ የተቆረጠ የአጌት ድንጋይ በመስኮቶቹ ላይ ገጥሞ ጨርሷል። ወንዙን ሲሻገሩ ፍራውሙንስተር አለ፤ በ1970 አይሁዳዊው ማርክ ሻጋል አምስት የመስተዋት ሥዕሎች አኑሮበታል።

እንግዲህ ብዙዎቻችን ከእንዲህ ያለ ጉዞ ስንመለስ «ፈረንጅ ቅርስ ማክበር ያውቅበታል» እንላለን። እኔ አልልም። እነሱም አፍርሰዋል። ልዩነቱ ያፈረሱትን አለመደበቃቸው ነው። ባዶው ግድግዳ ባዶነቱን ይመሰክራል፤ አዲሱም አዲስነቱን አይክድም።

እኛስ? ዝዊንግሊ ሥዕሉን ያስወረደው ሥዕል በቤተ ክርስቲያን አይገባም ብሎ ነው። እኛ ግን ሥዕል እንሳለማለን፤ እየተሳለምንም እናፈርሳለን። ያደግሁበት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ክብ፣ የሣር ክዳን፣ የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል የተሸፈነ ነበር። «አዲስ ሕንጻ ልንሠራ ነው» ተብሎ መዋጮ ሲጠየቅ እኔም 200 ዶላር ላክሁ። ከዓመታት በኋላ ስሄድ ጉልላቱ የሚያብረቀርቅ የሲሚንቶ ሕንጻ ጠበቀኝ። ሥዕሎቹን ብጠይቅ ከጭቃው ጋር ወርደዋል ተባልኩ። በጨርቅ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ስለነበሩ በጥንቃቄ ተላጠው ሊቀመጡ ይችሉ ነበር። የጠየቀ አልነበረም፤ ገንዘብ የላክሁት እኔም አልጠየቅሁም።

ገበሬው በሚያፈስ ጣራ ሥር ያስቀድስ ማለቴ አይደለም። ዙሪክ ሆኖ የሣር ክዳን መናፈቅ ቀላል ነው፤ ክዳኑን በየጊዜው የሚያድሰው እሱ ነው። ምእመኑም በዝቷል፤ የስዊሶቹን ካቴድራል የሚሞላው ግን በአብዛኛው ቱሪስት ነው። ነገር ግን መፍትሔውን ከጄኔቫ ማምጣት አያስፈልገንም። አክሱም ጽዮን ላይ በ1960ዎቹ አዲሱ ሰፊ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ የፋሲለደሱ አሮጌ ሕንጻ አልፈረሰም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመዋል።

እናም ወገኖቼ፣ በየቤተ ክርስቲያናችን የመዋጮ ቅጽ ሲዞር እጃችን አይጠር። ግን ከመፈረማችን በፊት አንድ ጥያቄ እናንሳ፦ አሮጌው ምን ሊሆን ነው? እኔ ይህን ባለመጠየቄ ያጣሁትን 200 ዶላር አይመልሰውም።